የሞስ ጠራጊው እጅ

በኪዮቶ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው የሳይሆ-ጂ ቤተ መቅደስ ቅጥር ግቢ ወለሉ ሞስ ነው። እኛ በክረምት በእርጥብ ድንጋይና ባረጀ ግንብ ላይ ተለጥፎ የምናየው ያ ለስላሳ አረንጓዴ፣ እዚያ ከዛፎቹ ሥር ወደ 120 በሚጠጉ ዝርያዎች ተንጣሏል። ስፍራውን እ.ኤ.አ. በ1339 ያደሰው የዜን መነኩሴው ሙሶ ሶሴኪ ነው፤ ሞሱ ግን እሱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ራሱ የመጣ ነው።

ጎብኚው አረንጓዴውን ያደንቃል። እኔ ግን የማደንቀው ጠራጊዎቹን ነው። የረገፈ ቅጠል ሞስ ላይ ከሰነበተ ብርሃን ይከለክላል፣ እርጥበት ያምቃል፣ ሲበሰብስም ሻጋታ ይጠራል። ጠራጊው ጠንከር ካደረገ ደግሞ ቅጠሉ ከነሞሱ ይነሳል፤ ሞስ ሥር የለውምና፣ መሬት ላይ የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ኃይሉ ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ መምጣት አለበት፤ መጥረጊያው ቅጠሉን ያነሳል እንጂ ሞሱን አይፍቅም። ይህን ሥራ እንደ ተራ ጽዳት የሚቆጥር ሰው ምን እያየ እንደሆነ አልገባውም።

የአብዛኛው ሞስ ቅጠል ውፍረት የአንዲት ሕዋስ ያህል ነው። ውኃ የሚጠጣውም በመላ አካሉ ነው። ሲደርቅ ተጠቅልሎ የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ደረቅ ሳለ ፈንገስ ብዙም አያገኘውም። አደጋው ሙቀት፣ እርጥበትና የታፈነ አየር ለቀናት አንድ ላይ ሲሰነብቱ ነው፤ በጃፓን ይህ የሚሆነው በሰኔና በሐምሌ የዝናብ ወቅት ነው።

ሞስ ዛሬ ከቤተ መቅደስ አልፎ ጣሪያ ላይም ይበቅላል። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ2001 ትልልቅ አዳዲስ ሕንፃዎች ከጣሪያቸው የተወሰነውን ክፍል በዕፅዋት እንዲሸፍኑ ግዴታ አውጥታለች። ሥር የሌለው ሞስ ጥልቅ አፈር ስለማይጠይቅ ለጣሪያ ቀላል ሸክም ነው፤ በተለይ ሱናጎኬ የሚባለው፣ ፀሐይና ድርቅ የሚችለው ዝርያ ይመረጣል። የሞስ ምንጣፍ ለማብቀል የደረቀውን ሞስ በእጅ አፍረክርኮ በስስ መደብ ላይ መበተን ይቻላል፤ ከእያንዳንዷ ስባሪ አዲስ ሞስ ይወጣል። ጥበቡ ያለው አበታተኑ ላይ ነው። ከበዛ የታችኛው ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ካነሰ መደቡ ራቁቱን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዓይን ሥራ ነው። የፈንገስ በሽታ ሲጀምር እንደ ባዘቶ የሳሳ ነጭ ክር በሞሱ ጫፎች ላይ ይታያል፤ ቦታው ክብ እየሠራ ይሰፋል፣ መሐሉም ይጠወልጋል። ድርቅም ሞስን ያጠወልጋልና ችግሩ ሁለቱን መለየት ላይ ነው። የለመደ ተንከባካቢ ውኃ ረጭቶ ይጠብቃል፤ የጠማው ሞስ አረንጓዴነቱን ይመልሳል፣ የታመመው እንደጠወለገ ይቀራል። ከዚያ የታመመውን ዙሪያውን ካለው ጥቂት ጤነኛ ሞስ ጋር አንስቶ ያስወግዳል። አንዲት መዳፍ ለምታህል ቦታ ይህን ያህል መጠንቀቅ ትልቅ ሙያ ነው።

እንዲህ ያለ ዓይን ማይክሮስኮፕ ላይም ተቀምጧል። ጀርመናዊው ፒተር ደብለር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሞስ ላይ የሚኖሩ ፈንገሶችን ሲያጠና፣ የፖሊትሪኩም ሞስ ቅጠል ላይ በረድፍ ከቆሙት ስስ ግድግዳዎች መካከል ተሰንቅረው የሚያፈሩ ጥቃቅን ዝርያዎችን ገልጿል። ባዶ ዓይን ፈጽሞ የማያየው ነገር ነው። ብዙዎቹም አስተናጋጃቸውን አይገድሉም፤ ስለዚህ ፈንገስ ያለበት ሞስ ሁሉ ታማሚ ነው ብሎ መድኃኒት ማርከፍከፍ ስህተት ነው። ሞሱ ራሱም ዝም ብሎ አይበላም። እንጆሪን የሚያሻግተው ቦትራይቲስ በቤተ ሙከራ ሲያጠቃው የሕዋሱን ግድግዳ እንደሚያጠናክር ታይቷል።

ሕንፃ በሞስ ለማልበስ የምታስቡ አርክቴክቶች፣ እባካችሁ ፕላኑ ላይ ለአየር መተላለፊያ፣ ለተንከባካቢውም መቆሚያ ቦታ ተዉ። ደሞዙንም በበጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት።