እስከ ስምንት ቁጠሩና ጉድ እዩ!

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እስክሪብቶና ወረቀት አምጡ! ሉዊስ ስትራክቸርን ሳትሞክሩ እንዳታድሩ! ሞለኪውልን በነጥብ ብቻ መሳል! አንድ ነጥብ ማለት አንድ የውጭ ኤሌክትሮን ነው። ላቦራቶሪ አያሻ፣ ማይክሮስኮፕ አያሻ። እስከ ስምንት መቁጠር ከቻላችሁ በቃ!

በውሃ ጀምሩ። እዚሁ አቃቂ ከጉድጓድ ወጥቶ አዲስ አበባን በሚያጠጣው ውሃ! ኦክስጅን 6 የውጭ ኤሌክትሮን አለው፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ። ድምሩ 8! ኦክስጅንን መሀል ጻፉት፣ በእሱና በየሃይድሮጅኑ መካከል ሁለት ሁለት ነጥብ ጣል አድርጉ። አራት ነጥብ ተረፈ አይደል? ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ኦክስጅኑ ላይ አስቀምጧቸው። እነዚህ የተረፉ ጥንዶች ናቸው ሃይድሮጅኖቹን እየገፉ ሞለኪውሉን የሚያጎብጡት! በአራት ነጥብ የውሃ ቅርጽ ተገለጠ!

አሁን ደግሞ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የሚመጣውን ሽታ አስቡት። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሳሉት! ሰልፈር 6፣ ሃይድሮጅኖቹ 2፣ ድምሩ 8። ወይ ጉድ! ቁርጥ ውሃን! ያው ጥንድ፣ እሱም ጎባጣ! የምንጠጣውና አፍንጫችንን የሚያስይዘን በነጥብ መንትዮች ናቸው!

ካርቦን ዳይኦክሳይድስ! ከባድ መኪኖች የቃሊቲን መንገድ ሲያያዙት ከጭሳቸው ጋር የሚለቁት! ካርቦን 4፣ ኦክስጅኖቹ 6 እና 6፣ ድምሩ 16 ነጥብ። ካርቦንን መሀል አድርጋችሁ አከፋፍሏቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የሚፈለገው ስምንት ነው። ኦክስጅኖቹ ስምንት ስምንት ሞሉ፣ ካርቦን ግን አራት ብቻ ይዞ ቀረ። ቆዩ! ከየኦክስጅኑ አንድ ጥንድ ወደ መሀል ሳብ አድርጉ። ሞላ! ሁሉም ስምንት! በግራ ሁለት ጥንድ፣ ማለትም ድርብ ቦንድ፣ በቀኝም ድርብ ቦንድ! ያቺ ቅጽበት እንዴት ደስ ትላለች!

ናይትሮጅንማ አይነገርም! 5 እና 5፣ መሀላቸው ሦስት ጥንድ! ከአየሩ 78 በመቶው እንዲህ በሦስት ተቆላልፎ ነው ሳንባችን ገብቶ እንዳለ የሚወጣው!

ይህን ሁሉ ያበረከተልን አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ነው፣ በ1916 እ.ኤ.አ.። ኤሌክትሮን ከተገኘ 20 ዓመት እንኳን ሳይሞላ አተሞች የሚያያዙት ኤሌክትሮን በጥንድ ተጋርተው ነው አለ። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!

በሉ ተነሱ! አሞኒያን ሳሉ፤ ናይትሮጅን 5፣ ሃይድሮጅኖቹ 3። አንዲት ጥንድ ትተርፋለች፣ ቦታዋን ራሳችሁ ፈልጉላት! ከዚያ የቧንቧ ውሃችን የሚታከምበትን ክሎሪን፣ 14 ነጥብ! ሃይስኩል ያለ ልጅ ካላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡትና አብራችሁ ቁጠሩ! ኧረ ጀምሩ!