«አረንጓዴ ረቂቅ» እና የፎገራ ሜዳ፦ ስለ አንድ ሥዕልና ስለ ማየት ትምህርት

የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕሎች በክፍል ውስጥ ለማስተማር የሞከረ መምህር ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ጋር መጋፈጡ አይቀርም፤ ይኸውም «ይህ የምን ሥዕል ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው የተማሪ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ከጀርመን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ብዙ ተመልካቾችን ግራ ያጋባው ይኸው ነበር። በዚህ ጽሑፍ «አረንጓዴ ረቂቅ» በሚል ስም የሚታወቀውን ሥራውን መነሻ በማድረግ፥ ከተፈጥሮ ተነሥቶ ተፈጥሮን የማያስመስል ሥዕል ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ፥ በወረታና በአካባቢዋ የሚያስተምር መምህርም ከእርሱ ምን ሊጠቀም እንደሚችል ለመመርመር እሞክራለሁ።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለደ፤ ሥዕልን በኮሎኝ ከተማ ተማረ፤ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸለመ፤ በ1981 በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ ግዛት በስደት ሳለ ዐረፈ። ባለቅኔም እንደነበር አንባቢ ያውቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሥራዎቹን ለማየት ለሚሻ ሁሉ በር ከፍቷል።

በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ኖረዋል። የመጀመሪያው «ባዕድ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የብራና መጻሕፍቶቻችንን ገልጠው ሐረጉን ቢመለከቱ መልካም ነበር። ሐረግ ስሙን ያገኘው ከሚጠመጠመው ተክል ነው፤ ነገር ግን በብራናው ራስ ላይ ቅጠሉም አበባውም በዓይነቱ አይታወቅም፤ የቀረው የመጠምጠሙ ሥርዓትና የቀለሙ ቅብብሎሽ ብቻ ነው። የገብረ ክርስቶስ አባት የቤተ ክህነት ሰው እንደነበሩ ሲታሰብ፥ ልጁ ይህን ከኮሎኝ በፊት አላየውም ለማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ክርክሩን ከሚገባው በላይ መለጠጥ አይገባም። ሐረግ ጌጥ ነው፤ ለጽሑፉ ክብር የቆመና በልክ የሚደጋገም ነው። የገብረ ክርስቶስ ሥዕል ግን የሚያስጌጠው ጽሑፍ የለውም፤ ብቻውን ይቆማል፥ ብቻውንም ይጠየቃል።

ሁለተኛው አስተያየት ለስላሳ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል። ይኸውም «ሥዕሉ ተፈጥሮን ያሳያል፤ አረንጓዴው ሣር ነው፥ ጠቆር ያለው ዛፍ ነው፥ ፈታችሁ አግኙ» የሚለው ነው። ይህ አስተያየት ሥዕልን ወደ እንቆቅልሽ ይለውጠዋል። እንቆቅልሽ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ማንም ተመልሶ አያየውም። የሥራው ስም ራሱ ይህን ይቃወማል፤ «መስክ» ወይም «ጫካ» አላለምና። ስሙ የነገር ሳይሆን የቀለም ነው። አረንጓዴን ከሣሩ ላይ ገፍፎ ለብቻው አቁሞታል።

በተመሳሳይ ዘመን አሜሪካዊቷ ጆአን ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራችውን፥ ዛሬ በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም የሚገኘውን «ሄምሎክ» የተባለ የዘይት ቅብ ለማነጻጸሪያ መጥቀስ ይቻላል። ሄምሎክ ከጥድ ወገን የሆነ ዛፍ ነው። በነጭ መደብ ላይ አረንጓዴና ጥቁር የብሩሽ ምቶች ይሻገሩበታል፤ ተመልካቹም ስሙን እንደሰማ ቅርንጫፍ ማየት ይጀምራል። ዳሩ ግን ሠዓሊቷ ስሙን ከአንድ ግጥም ወስዳ የሰጠችው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሚቸል የምትሥለው ከፊቷ ያለውን ሳይሆን በልቧ ይዛ የምትዞረውን መልክዐ ምድር ነበር። እርሷ ለተመልካቹ ዛፍ አበደረችው፤ ገብረ ክርስቶስ ግን ምንም አላበደረም። በእኔ አስተያየት የእርሱ መንገድ ለተማሪ የከበደ፥ ለመምህር ግን የቀና ነው፤ ክርክሩን ከመጀመሪያው ከቀለሙ ላይ እንዲጀምር ያስገድዳልና።

እዚህ ላይ ስለ ስያሜው አንድ ነገር ላንሣ። «ረቂቅ ሥዕል» የሚለው የተለመደ ቃል በተወሰነ ደረጃ ያሳስታል። በቤተ ክህነት ትምህርት ረቂቅ የግዙፍ ተቃራኒ ነው፤ የማይዳሰስ ማለት ነው። የዘይት ቀለም ግን እጅግ ግዙፍ ነገር ነው። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ በላዩ ላይ መደራረብ፥ መፋቅ፥ ማወፈር ይቻላል፤ የወፈረው ብርሃን ይይዛል፥ የሳሳው የሥሩን ያሳያል። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ የክብሪት ሣጥን አክሎ ሲታተም ይህ ሁሉ ይጠፋል። ተማሪው የሚያየው አረንጓዴ የማተሚያ ቤቱ እንጂ የሠዓሊው አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ጥርጣሬ ቢያድርበት አይፈረድበትም።

ታዲያ አዲስ አበባ ሄዶ ሙዚየም የማያይ ተማሪ ምን ያድርግ? የፎገራ ልጅ ስለ አረንጓዴ ከብዙ ሠዓሊ ይልቅ ያውቃል ብል ማጋነን አይሆንም። በሰኔ የተዘራው ሩዝ ሲበቅል ወደ ቢጫ ያደላ ለጋ ነው፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ውኃው ሰማዩን ስለሚይዝ ያው ቡቃያ ሌላ መልክ ያወጣል፤ ሲያዘረዝር ይጠቁራል፤ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚበቅለው ጓያ በዋልካው ላይ እንደገና ሌላ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በተለየ፥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የጣናን ዳር የወረረው እምቦጭ አለ። ከሩቅ ላየው መስክ ይመስላል፤ የሚያብረቀርቅ ልምላሜ ነው፤ ለዓሣ አጥማጁና ለከብት ጠባቂው ግን ጥፋት ነው። አረንጓዴ ሁሉ ጥጋብ እንዳልሆነ ይህ ልጅ በዓይኑ አይቷል። እንዲህ ያለ ተማሪ «አረንጓዴ ረቂቅ» ፊት ቢቆም «የምን ሥዕል ነው?» ከማለት ይልቅ «የትኛው አረንጓዴ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህኛው ጥያቄ ደግሞ የሥዕሉ የራሱ ነው።

ቋንቋውም ያግዘዋል። ከብት አርቢ ላሙን ዳለቻ፥ ቡሬ፥ ቦቃ ብሎ ሲጠራ መልኳን ከአካሏ ለይቶ ስም ሰጥቶታል ማለት ነው። በፎገራ ላም የታወቀ አገር ውስጥ ይህን ልምድ ወደ ክፍል ማስገባት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወረታ አካባቢ የማስተማር ልምምድ ስከታተል ያየሁትን ልጥቀስ። «ክረምትን ሣሉ» ተብለው ከታዘዙት ልጆች አንዷ ወረቀቷን ከዳር እስከ ዳር በአፈር ቀለም ሞልታ ከላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቻ አስቀርታ ነበር። ጎርፉ ነው። ቤትና ጃንጥላ የሣሉት ስምንት ስምንት ሲያገኙ የእርሷ «አልተሠራም» ተብሎ ተመለሰ። ልጅቷ ገብረ ክርስቶስን አላየችም፤ ሥራዋም የእርሱን አያህልም። እርሱ «ጎልጎታ»ን የመሰለውን ሥራ የሠራ፥ ሰውንና ቤትን መሣል የሚያውቅ፥ የሚተወውንም ዐውቆ የተወ ሠዓሊ ነው። ሆኖም ያየችውን አንድ ነገር ከሌሎቹ ነጥላ አውጥታለች። የምዘና መስፈርታችን ግን ለዚህ ቦታ የለውም፤ የሚቆጥረው የተሣሉትን ዕቃዎች ነውና።

የክዋኔና ዕይታ ጥበባት መጻሕፍት በሚከለሱበት ጊዜ ዕቅድ አውጪዎች ሁለት ነገሮችን ቢያስቡ እወዳለሁ። በአንድ ምዕራፍ ስድስት ትናንሽ ሥዕሎችን ከመደርደር አንዱን በሙሉ ገጽ ማተም ይሻላል፤ ከጎኑም መጠኑና የተሠራበት ቁስ ይጻፍ። በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ደግሞ ተማሪው ስለ ቀለም ምርጫው በቃል የሚያስረዳበት ነጥብ ይካተት። የዘይት ቀለም በየትምህርት ቤቱ ይገኛል ብዬ አላልምም። ዋልካና ቀይ አፈር፥ ከሰል፥ የተወቀጠ ቅጠል በሙጫ ተለውሰው ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃሉ። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ቡናማ ማድላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሥራው ከመድረቁ በፊትና ከደረቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ቢታይ ይመረጣል።