ከጠጉር እስከ ኪሎ

የሃንጋሪው ሐኪም እንድሬ ሜስተር እ.ኤ.አ. በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ ጀርባቸው የተላጨ አይጦችን በደካማ የሩቢ ሌዘር ሲያበራ ስለ ጠጉር እያሰበ አልነበረም። ሆኖም ብርሃኑ ያረፈባቸው አይጦች ጠጉር ቀድሞ በቀለ። ዝቅተኛ ኃይል ያለው የሌዘር ሕክምና የተጀመረው እንዲህ ነው። ኋላም በሶቪየት ኅብረት የሂሊየም-ኒዮን ቀይ ብርሃን ከሰው አልፎ ወደ እንስሳት ሕክምና ገባ፤ ግልገል ያፋፋል እስከ መባልም ደረሰ። ሜስተር ያየው ግን ብርሃኑ ያረፈበት ቆዳ ላይ የሆነውን ነው። ከዚያ ጠጉር እስከ አንድ ግልገል የ90 ቀን የሰባት ኪሎ ጭማሪ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በእኔ እምነት የሚያልፈውም በእናቲቱ ጡት በኩል ነው።

የበግ እንግዴ ልጅ በሽታ ተከላካይ አንቲቦዲ አያሳልፍም። ግልገሉ ያንን የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንድ ቀን ገደማ ካለፈው አንጀቱ አይቀበለውም። 2.4 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ግልገል በዚያች ቀን ግማሽ ሊትር ገደማ እንገር ይፈልጋል። እንገር ያመለጠውን ግልገል የሚክስ መሣሪያ አላውቅም። 100 ሚሊዋት ሌዘር ለአንድ ደቂቃ ቢበራ የሚሰጠው 6 ጁል ነው፤ አንድ ግራም የበግ ወተት ግን ከ4 ሺህ ጁል በላይ ይይዛል። «ብርሃኑ ምልክት እንጂ ምግብ አይደለም» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። በሩሲያ የሠራችው ተመራማሪ ቲና ካሩ እንዳስረዳችው ቀይ ብርሃንን የሚቀበለው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። ነገር ግን ሴሉን «ሥራ» ብሎ ማዘዝ የሚሠራበትን አያቀርብለትም። ደግሞስ ትእዛዙ ይደርሳል? የመንዝ በግን አስቡት፤ ጥቁርና ቡናማ ይበዛዋል፣ ጠጉሩም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥቁር ጠጉር ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። መሣሪያው ላይ የሚነበበው ከአፉ የወጣው እንጂ ሥጋው ያገኘው አይደለም። መጠን በመጨመርም አይካስም፤ ከልክ ያለፈ ብርሃን ጥቅሙን ያጠፋዋል።

እኔ የምቀበለው መንገድ ሌላ ነው። የጡቷ ጫፍ የቆሰለ በግ ልጇን ታባርራለች፤ ቁስሉ ቶሎ ከጠገገ ግልገሉ ይጠባል፣ ይፋፋል። ብርሃኑ እዚህ ረድቶ ይሆናል፤ ኪሎውን ያመጣው ግን ወተቱ ነው።

«የበራላቸው ግን ጨምረዋል» ለሚለው መልሱ ሚዛኑ ዘንድ ነው። በ90 ቀን ከ2.4 ወደ 9.6 ኪሎ ያደገ ግልገል በቀን 80 ግራም ጨምሯል። አንዱ ጠብቶ ሌላው ሳይጠባ ቢመዘኑና በሆዳቸው ይዘት ብቻ ግማሽ ኪሎ ቢለያዩ፣ ልዩነቱ በቀን ከ5 ግራም በላይ ሆኖ ይታያል፤ ለመሣሪያ ሻጭ በቂ ማስታወቂያ ነው። መንታና ነጠላ፣ ወንድና ሴት ተደባልቀው ከሆነማ ንጽጽሩ ገና ሳይጀመር ፈርሷል። ደግሞም እንዲበራለት በየቀኑ የሚያዝ ግልገል በየቀኑ ይታያል፤ ተቅማጡም ሳይብስ ይደረስበታል። ስለዚህ የማይበራላቸው ማነጻጸሪያ ግልገሎችም እኩል ይያዙ፤ መሣሪያው ሳይበራ ቆዳቸው ላይ ይቀመጥ፤ ሁሉም ጠዋት፣ ሳይጠቡ ይመዘኑ። ሚዛኑን የሚያነበውም ሰው የትኛው ግልገል እንደበራለት አይነገረው።