ነፋሱ የሚገባበት ቀዳዳ

አመሻሽ ላይ ከፉሪ ወደ ሰበታ የሚነዳ ሞተረኛ ፀሐይ ፊት ለፊት ትወጋዋለች፤ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሲመለስም አትለቀውም። ከፊቱ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ካለ አቧራው ይጨመርበታል። ከፍታውም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ዓይን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ይሄዳል። እዚህ መንገድ ላይ ያለ መነጽር መንዳት አይታሰብም። ከባዱ ነገር ፍጥነት ሲጨምር መነጽሩን ባለበት ማቆየት ነው።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋሱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ጸጥ ብሎ የተቀመጠ መነጽር 60 ላይ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። በ60 የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። መነጽሩ ተንሸራቶ ለሁለት ሰከንድ ማየት ቢያቅተው ከ30 ሜትር በላይ በጭፍን ነዳ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ አህያም ይገባል፣ ባጃጅም ይገባል፣ ሕፃንም ይገባል።

ብዙ ሞተረኛ መፍትሔው ማጥበቅ ይመስለዋል። ላስቲኩን እስከ መጨረሻው ይስበዋል፤ ትንሽ እንደሄደ ግንባሩን ያመዋል፤ ከዚያ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሊያላላው ይሞክራል። እኔ የምጠይቀው ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ቀጥ ብለን ስንነዳ ነፋሱ ራሱ መነጽሩን ፊታችን ላይ ይጫነዋል። የሚወልቀው ከኋላ የሚመጣ መኪና ለማየት ዞር ስንል፣ ነፋሱ በጎን ከመስታወቱ ጀርባ ሲገባ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስፖኪዮ፣ ቀጥሎ ነዳጅ ቀነስ ማድረግ፣ ከዚያ አጭር ዞር ማለት። ትልቅ መኪና ፊት ለፊት ሲመጣም አገጭን ወደ ደረት ሳብ ማድረግ ይረዳል፤ ነፋሱ ከታች እንዳይገባ ይከለክላል።

ላስቲክ ያለው መነጽር ከሄልሜቱ በኋላ ይደረጋል፤ ላስቲኩም በሄልሜቱ ላይ፣ ከኋላ መሐል ለመሐል ያርፋል። ወደ ላይ ከወጣ ሾልኮ ይወልቃል። የሚያዳልጥ ሄልሜት ላይ በላስቲኩ የውስጥ በኩል ቀጭን የከመነዳሪ ቁራጭ ማሰፋት ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ ዘንጉ ቀጥ ያለና ቀጭን የሆነውን ይምረጥ፤ ሄልሜቱን ካጠለቀ በኋላ በስፖንጁና በጆሮ ግንዱ መካከል ያስገባው። ስፖንጁ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። ዘንጉ ወፍራም ከሆነ ግን ጆሮ ሥር እየቆረቆረ መንገዱን ሁሉ ያስረሳል።

ለብርድና ለአቧራ አፍንጫችን ላይ የምንጠመጥመው ሻርፕ ሌላ ጣጣ አለው። ትንፋሽን ወደ ላይ ይልከዋል፤ መስታወቱ ጉም ይለብሳል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። የሻርፑን ጫፍ ከመነጽሩ ጠርዝ በታች ማድረግ ነው፤ ከላይ መደረብ አይገባም። መስታወቱ ሲቆሽሽም በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፤ አቧራው ራሱ ይቧጭረዋል። ሃይላንድ ውስጥ ካለው ውሃ ትንሽ ማፍሰስ ይበቃል። የተቧጨረ መስታወት የማታ ፀሐይ ስታርፍበት ነጭ ግድግዳ ይሆናል።

ጥቁር መነጽር ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ያሳዝነኛል። 12 ሰዓት ሲሆን አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። ከዝናብ በኋላ አሸን ወጥቶ የሞተሩን መብራት የሚከበው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ነጭ መስታወት ያለው ሁለተኛ መነጽር አብሮ መያዝ ግድ ነው። መስታወቱ ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ ተራ መስታወት ጠጠር ሲመታው ስባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከመነሳታችሁ በፊት ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ወደ መሬት ተመልከቱ፣ በሁለቱም ትከሻ በኩል ዞር በሉ። ቆማችሁ የተነቃነቀ መነጽር በ60 አይቆይምና አስተካክሉት። የምታፈናጥጡት ሰው መንገዱን ለማየት በጎናችሁ አንገቱን ሲያወጣ ነፋሱና ጠጠሩ እሱንም ያገኙታል፤ ለእሱም መነጽር ያዙለት።