ስለ ፈረንሳይኛ ኃላፊ ጊዜያት

ፈረንሳይኛ ለሚማር ሰው ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ፥ ያለፈውን ነገር ሲናገር ከብዙዎቹ ኃላፊ ጊዜያት የትኛውን እንደሚመርጥ ማወቅ ነው። ብዙ ተማሪዎች ችግሩን በአንድ አጭር ደንብ ለመገላገል ይሻሉ፤ ይኸውም ረጅም ጊዜ ለቈየ ነገር ኤምፓርፌ፥ ፈጥኖ ላለቀ ነገር ፓሴ ኮምፖዜ ይገባል የሚል ነው። ደንቡ ለማጥናት ቀላል ቢሆንም እውነተኛ መሪ አለመሆኑን እናምናለን።

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተደረገው የመቶ ዓመት ጦርነት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1337 እስከ 1453፥ 116 ዓመት ቈየ። ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ግን ይህን «ቈየ» የሚለውን ግሥ በኤምፓርፌ አይጽፈውም፤ በፓሴ ሴምፕል ይጽፈዋል እንጂ። ዘመኑ ምንም ቢረዝም መጀመሪያውና መጨረሻው ታውቆ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ተቈጥሮአልና። እንግዲህ ምርጫውን የሚወስነው የጊዜው ርዝመት ሳይሆን የተናጋሪው አመለካከት ነው፤ ነገሩን ሲካሄድ ከውስጥ ሆኖ ያየዋል፥ ወይስ ተፈጽሞ ከውጭ ሆኖ ያየዋል?

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። «ዲሬክተሩ በገቡ ጊዜ ጸሐፊዎቹ ሣቁ» ቢባል፥ የተሣቀው በዲሬክተሩ ነው ብሎ ሰሚው ይጠረጥራል፤ «ይሥቁ ነበር» ቢባል ግን ሣቁ ከመግባታቸው በፊት የተጀመረ ስለ ሆነ ጸሐፊዎቹ ከነቀፋ ይድናሉ። በፈረንሳይኛም ፊተኛው ፓሴ ኮምፖዜን፥ ሁለተኛው ኤምፓርፌን ይፈልጋል። ተርጓሚው አንዱን በሌላው ቢለውጥ ንጹሑን ሰው በደለኛ ያደርጋል ማለት ነው።

ነገር ግን የገዛ ቋንቋችን የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። «ባለፈው ዓመት ፓሪስ ሄጄ ነበር» የሚለውን ሊተረጕም የሚነሣ ተማሪ «ነበር» የሚለውን ቃል አይቶ ወደ ኤምፓርፌ ይሮጣል፤ ፈረንሳዊው ግን ጕዞውን እንዳለቀ ነገር ቈጥሮ በፓሴ ኮምፖዜ ይናገረዋል። ስለዚህ መተርጐም የሚገባው ሐሳቡ እንጂ «ነበር» ብቻ አይደለም።

ፓሴ ሴምፕል ለጽሑፍ፥ ፓሴ ኮምፖዜ ለንግግር ነው የሚለው ትምህርትም በጠቅላላው ትክክል ቢሆን፥ የደራሲን እጅ አያስርም። አልቤር ካሙ በ1942 ያወጣውን «ሌትራንዤ» የተባለ ልብ ወለድ፥ በጊዜው ከተለመደው የልብ ወለድ አጻጻፍ ወጥቶ በአብዛኛው በፓሴ ኮምፖዜ ተረከው። ዣን ፖል ሳርትርም በ1943 ስለ መጽሐፉ ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ምርጫ አንሥቶ መርምሮታል። በእኛ አስተያየት፥ ተራኪው መርሶ ሥራዎቹን አንድ በአንድ፥ ምክንያትና ውጤት ሳያያይዝ የሚያቀርብ ሰው መሆኑ ከግሡ ጊዜ የማይለይ ነው። ሁሉ በፓሴ ሴምፕል ቢጻፍ ኖሮ ታሪኩ ያው ሆኖ ሰውየው ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ መምህራን የደንብ ዝርዝር ከማስጠናት አልፈው ከመልካም ደራሲ አንድ ገጽ ቢያስነብቡ፥ አንዱንም ግሥ ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው እየለወጡ «አሁን ምን ተለወጠ?» ብለው ቢጠይቁ እንመክራለን። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የቻለ ተማሪ፥ ደንቡን ቢረሳውም ቋንቋውን አይስትም።