ሊተረጎም ያልቻለው ንግግር

ልብ ወለድ ለሰባኪ ጊዜ ማባከኛ ነው ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ እንዲያነቡ እጋብዝዎታለሁ። ምዕራፉ የሚገኘው ሲ. ኤስ. ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመውና ርእሱ «ከዝምተኛዋ ፕላኔት» ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ነው።

ራንሰም የተባለ የቋንቋ ምሁር ዌስተን በሚባል የፊዚክስ ሊቅና በግብረ አበሩ ታፍኖ ወደ ማርስ ይወሰዳል። በዚያ በኃጢአት ያልወደቁ፣ አእምሮ ያላቸው ሦስት ዓይነት ፍጥረታት ይኖራሉ። ራንሰም ከእነርሱ መካከል በግጥም ከሚታወቁት ከህሮሳ ጋር ተቀምጦ ቋንቋቸውን ይማራል።

ልዊስ የፈጠረው ቋንቋ ሰፊ አይደለም። ወዳጁ ቶልኪን ለፈጠራቸው የኤልፎች ቋንቋዎች ሰዋስውና የድምፅ ለውጥ ታሪክ አበጅቶላቸዋል፤ ታሪኮቹን የጻፈውም ለቋንቋዎቹ ዓለም ለመስጠት እንደሆነ ተናግሯል። በልዊስ መጽሐፍ የምናገኘው ግን ጥቂት ቃላትን ነው። ቢሆንም እነዚህ ጥቂት ቃላት ሥነ መለኮታዊ ሥራ ይሠራሉ። ህሮሳ «ክፉ» የሚሉበት ቃል የላቸውም፤ ራንሰም ያገኘው የቅርብ ቃል «የተጣመመ» የሚለው ነው። ክፋት የራሱ ህልውና የሌለው የበጎ ነገር ብልሽት ነው የሚለውን የአውግስጢኖስን ትምህርት ልዊስ በአንድ ቃል አስጨበጠን። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችንም «ጠማማ» የሚለውን ቃል ለዚሁ ይጠቀምበታል።

የጠቆምኩት ምዕራፍ ዌስተን የማርስ ገዥ በሆነው መንፈስ፣ በኦያርሳ ፊት ቀርቦ ሲናገር ያሳየናል። ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሰው ዘር ታላቅነት፣ የበላዩ የበታቹን ስለሚተካበት መብት ይደሰኩራል። ራንሰም ያስተረጉማል። በእንግሊዝኛ የገነነው ንግግር በማርስ ቋንቋ ሲነገር ስለ ቅሚያና ስለ ግድያ የሚያወራ ተራ ወሬ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ቦታም ራንሰም ቃል አጥቶ ይቆማል። ዌስተንን ለመርታት ትርጉሙ ብቻውን ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ልዊስን እሞግታለሁ። በ1943 በታተመው በተከታዩ መጽሐፍ በ«ፔሬላንድራ»፣ ይህ ቋንቋ ምድር ያጣችው፣ የፀሐይ ሥርዓታችን ጥንታዊ የጋራ ቋንቋ እንደሆነ ይነግረናል። እንዲህ ከሆነ ንግግራችንን የሚፈትነው ቋንቋ ማናችንም የማንደርስበት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። መንፈስ ቅዱስ ከባቢሎን ግንብ በፊት የነበረውን አንድ ቋንቋ አልመለሰም። የጳርቴ፣ የግብፅና የዓረብ ሰዎች የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ በየራሳቸው ቋንቋ ሰሙ። ስለዚህ ንግግራችን የሚፈተንበት ቋንቋ የጎረቤታችን ቋንቋ ነው።

ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። በአንድ የገጠር ጉባኤ ስሰብክ በዕድሜ የሚበልጡኝ ወንጌላዊ ወደ ወላይትኛ ያስተረጉሙልኝ ነበር። «የከፍታ ዘመን መጥቶልናል!» ባልኩ ጊዜ ቆሙ፤ ጠጋ ብለውም «መምህር፣ ምን መጣላቸው ልበል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጉባኤው እየጠበቀ ነው። «እግዚአብሔር አልተዋችሁም በሏቸው» አልኩ። ከዚያ ቀን ስብከቴ ዛሬም የማላፍርበት ዓረፍተ ነገር እርሱ ነው።

መጽሐፉን ስናነብ ራሳችንን በራንሰም ቦታ አድርገን በዌስተን እንስቃለን።  መድረክ ላይ ስንወጣ ግን ንግግሩ የሚተረጎመው የእኛ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ስብከትዎን ሌላ ቋንቋ ለሚናገር አንድ ምእመን አስቀድመው ያንብቡለትና በራሱ ቋንቋ እንዲመልስልዎት ይጠይቁት። የሚቆምበትን ቦታ ያስምሩበት።