መብራት ማጥፋት ብቻ? «አርክቴክት ወይስ ንብ?»ን ስናነብ

«ስትወጡ መብራት አጥፉ። ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ ተጠቀሙ።» የሥራ ቦታን ለአካባቢ ተስማሚ ለማድረግ የሚሰጥ ሥልጠና ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ያልቃል። አሠልጣኙ ከውጭ ይመጣል፣ ስላይድ ያሳያል፣ ሠራተኛው አጨብጭቦ፣ ሻይ ጠጥቶ ይበተናል። ማሽኑን ሃያ ዓመት ያንቀሳቀሰውን ሰው ግን ማንም ምንም አልጠየቀውም። የምጣዱ ሳለ የእንቅቡ ተንጣጣ ማለት ይሄ አይደል?

ማይክ ኩሊ «አርክቴክት ወይስ ንብ?» በተሰኘው መጽሐፉ ይህን ልማድ ይገለብጠዋል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው የታተመው። ኩሊ በብሪታንያው ሉካስ ኤሮስፔስ ኩባንያ ዲዛይን የሚሠራ አየርላንዳዊ ኢንጂነርና የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበር።

ኩባንያው የአውሮፕላን ክፍሎችን ያመርት ነበር፤ ከሥራው ግማሽ ያህሉ ለጦር ኃይል ነው። በ1970ዎቹ የሥራ ቅነሳ ሲያሰጋቸው፣ ከየፋብሪካው የተውጣጡ የሠራተኞች ተወካዮች «አታባርሩን» ብለው ብቻ አላበቁም። «ሌላ ምን መሥራት እንችላለን?» ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ ለ180 ያህል ምሁራንና ተቋማት ጻፉ፤ ሐሳብ የላኩላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ መጠይቁን ለገዛ ባልደረቦቻቸው በተኑ፦ ምን ማሽን አላችሁ? ምን ሙያ አላችሁ? ለሰው የሚጠቅም ምን ብትሠሩ ደስ ይላችኋል?

በ1976 ይፋ የሆነው ዕቅድ 150 ያህል የምርት ሐሳቦችን ይዞ መጣ፦ የኩላሊት እጥበት ማሽን፣ የነፋስ ተርባይን፣ ሂት ፓምፕ፣ በመንገድም በሐዲድም የሚሄድ ተሽከርካሪ። ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የተዳቀለው ሞተር ነው። እስቲ አስቡት፦ መኪና ከተማ ውስጥ ሲቆም ሲነሳ ሞተሩ ነዳጅ ያባክናል፤ በደንብ የሚሠራው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ስለሆነ። ሠራተኞቹ ያሰቡት አነስ ያለ ሞተር በአንድ ፍጥነት እየዞረ ባትሪ እንዲሞላ፣ ጎማውን ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዲያዞር ነው። ሃይብሪድ መኪና በገበያ ከመለመዱ ሃያ ዓመት በፊት መሆኑ ነው!

የኩሊ ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ ባለሙያ በቃል ሊገልጸው ከሚችለው በላይ ያውቃል። እጁ ያውቃል፣ ጆሮው ያውቃል። ይህን ዕውቀት የማይሰማ ሥልጠና ግማሹን መረጃ ጥሎ ነው የሚነሳው። በዚህ ከኩሊ ጋር እስማማለሁ።

ግን መጽሐፉ የሠራተኛውን ዕውቀት ሲያወድስ ወሰኑን ያሳንስብኛል። ከፋብሪካ ቧንቧ የሚያፈተልክ የታመቀ አየር «ሽሽሽ» ሲል ሠራተኛው ይሰማል። በዓመት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስበላ ግን ጆሮ አይነግረውም፤ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድማ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ ልምድና ልኬት አብረው ካልሄዱ ሁለቱም ይጎድላሉ። ጥሩ ሥልጠና መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ መለካት ያስተምራል።

ሁለተኛው ጉድለት ከባድ ነው፤ እሱም ሥልጣን። ኩባንያው ዕቅዱን አልተቀበለም፤ ኩሊም በ1981 ከሥራ ተባረረ። በዚያው ዓመት አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ቢያገኝም፣ ሽልማት ፋብሪካ አያስከፍትም። መጽሐፉ ዕቅዱ እንዴት እንደተወለደ አሳምሮ ያሳያል፤ «አይሆንም» የተባለ ማኅበር በማግስቱ ምን ያድርግ የሚለው ላይ ግን እጁ ያጥራል።

ፍንጩ ያለው እዚያው ብሪታንያ ነው። ከ1978 ጀምሮ በማኅበር የተመረጡ የደኅንነት ተወካዮች ደመወዛቸው ሳይቆረጥ የመሠልጠንና የሥራ ቦታቸውን የመመርመር ሕጋዊ መብት አላቸው። አደጋን በዚህ መንገድ መከታተል ከተቻለ፣ ብክለትንና ብክነትን መከታተልስ ለምን አይቻልም? መብት የሌለው ሠልጣኝ የሚያውቀውን ይዞ ዝም ይላል።

ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ መጽሐፉ ይነበብ እላለሁ፤ በተለይ ኢንጂነር ለመሆን የምታስቡ። አንድ ቀን ፋብሪካ ገብታችሁ «ኃይል ቆጥቡ» የሚል ፖስተር ከመለጠፋችሁ በፊት፣ ማሽኑ አጠገብ የቆሙትን ሰው «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይቀይሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት፣ ከዚያ ለኩት።